አረጋውያን ከማረሚያ ቤት ሲወጡ፦ ጥያቄና መልስ

በማረሚያ ቤት ለረጅም ዓመታት በማኅበራዊ ሠራተኝነት ያገለገሉት የባሕር ዳሩ አባላችን ጥያቄዎቻችሁን ይመልሳሉ።

የዘጌ ልጅ፦ ጋሼ፣ አጎቴ በግድያ 24 ዓመት ተፈርዶባቸው 16ቱን ጨርሰዋል፤ በአመክሮ ሊወጡ ነው። 70 ዓመታቸው ነው። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከዕርቁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ጠባዩ የታረመና አቅሙ የፈቀደውን ያህል የካሰ ሰው በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው ይህንን ነው፤ ለሟች ልጆች ግን ደሙ ካልደረቀ አጎትህ 70 ቢሞላቸውም ደመኛ ናቸው። ገበያ ወይም ለቅሶ ላይ ፊት ለፊት መገጣጠማቸው አይቀርም። ስለዚህ ገና ሳይወጡ ሽማግሌዎችና ቄስ ወደ ሟች ቤተሰብ ይሂዱ። እምቢ ቢባሉ ደግመው ይሂዱ። ዕርቁ ሳይያዝ ወደ ሰፈራቸው አትመልሷቸው።

ከሽምብጥ፦ አባቴ ከወጡ ሳምንት ሆናቸው፤ ከክፍላቸው ንቅንቅ አይሉም። ምን ነካቸው?

መልስ፦ ያን ሁሉ ዓመት በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም ሌላ ሰው ነበር። በገዛ ቤታቸው ሽንት ቤት ለመሄድ የሚያስፈቅዱ፣ ምግብ ቀርቦላቸው «ይብሉ» እስኪባሉ እጃቸውን ሰብስበው የሚጠብቁ አዛውንት አይቻለሁ። አትቆጧቸው፤ ሰው ፊትም አታንሱባቸው። በግንቦት 2016 የተመረቀውን የባሕር ዳሩን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አላዩት ይሆናል፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ውሰዷቸው። ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ ጉልበታቸው ካልቻለ ግማሹ ይበቃል። እንሻገር ወይስ እንመለስ የሚለውን እሳቸው ይወስኑ፤ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው።

ጣና ዳር፦ እኛ አባታችንን በግ አርደን፣ በእልልታ ነው የተቀበልነው። አባት እንደ ሌባ ተደብቆ አይገባም።

እህት፦ እልልታው የሟች ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ ወንድሜ የተገደለብኝ ነኝ፤ ገዳዩ የገባ ዕለት እናቴ እህል ሳትቀምስ ዋለች።

ጣና ዳር፦ ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ታዲያ እስከ መቼ አንገቱን ይድፋ?

መልስ፦ ክርክሩ ይብቃ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ወንድሜ፣ አባትህን ማክበርህ ደግ ነው፤ ነገር ግን ዕርቁ ሳይያዝ ድግስ የለም።

ደረጀ ነኝ፦ የጡረታቸውስ ነገር?

መልስ፦ የጡረታ መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ።

እንግዳ፦ አረጋውያን እስረኞችን እንዴት መርዳት ይቻላል?

መልስ፦ ማንን? የት ሊያርፉ ነው? ታርቀዋል? ከላይ ያለውን አንብብና ይህንን ጽፈህ ተመለስ።

ከጎርጎራ፦ እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ በሚቀጥለው ወር ይወጣሉ።

መልስ፦ የሕክምና ወረቀታቸውን ከማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ አሁኑኑ ጠይቁ። ቤተሰብ ነጠላና ጫማ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ እናቲቱ የትኛውን ኪኒን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስዱ ግን የሚያውቅ የለም። ቢያንስ የጥቂት ሳምንት መድኃኒት ይዘው ይውጡ። የጤና መድኑንም ቀበሌ ጠይቁ፤ ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም።

የዘጌ ልጅ፦ ጋሼ፣ እድሩ የአጎቴን ስም ሰርዟል።

መልስ፦ መዋጮው ስለተቋረጠ ነው። የእድሩን ዳኛ አነጋግሩ፤ ውዝፉን ዘመድ ተካፍሎ ይክፈል። አንድ አዛውንት ማን እንደሚቀብራቸው ሳያውቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ከሽምብጥ፦ የሟች ቤተሰብ አገር ለቆ ከሄደስ ዕርቁ ይቅር?

መልስ፦ አይቀርም። ያሉበትን አጠያይቁና ሽማግሌ ላኩ፤ ለሽማግሌዎቹም የመሳፈሪያውን እናንተ ቻሉ።