ትልቁ ሲወድቅ ይነሣል፤ የእኔ አይሱዙስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ የምኖር ሹፌር ነኝ። ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከሚሺጋን ለእረፍት መጥቶ ቡና ላይ ተጣላን። የሚሠራው የመኪና ወንበር የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነው። «ያኔ መንግሥት የአሜሪካውን መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስን ባያነሣው ኖሮ እኔም ሜዳ ላይ ቀርቼ ነበር» ይለኛል። ወላሂ አናደደኝ! የእኔ አይሱዙ ሞተሩ ነክሶ ሁለት ወር ቆሞ፣ ባንኩ በሐራጅ ሲሸጥብኝ ማን ደረሰልኝ? ትልቅ የመኪና ፋብሪካ ሲከስር መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ሊያነሣው ይገባል? በረካው ሳይጠጣ ነው የተበተንነው።

መልስ፦ በረካ ጥሎ መሄድ ወሎ ውስጥ አይደረግም፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ የአንድ ጭነት ድርጅት ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። ጋቢና ተቀምጬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ስንቴ እንደወረድኩት እግዜር ይወቀው። አንድ ክረምት፣ ጉሙ መንገዱን በበላበት ጠዋት፣ የፍሬኑ የአየር ቱቦ ፈነዳ። ሹፌሩ በማርሽ ይዞ እንደምንም ዳር አስጠጋው፤ መኪናው ግን ቀስ እያለ መንሸራተቱን አልተወም። ረዳቱ ዘሎ ወረደና ታኮውን ጎማው ሥር ወሸቀው። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ፤ የዋንዛ ጉማጅ ነው፣ አንድ ጠርዙ በጎማ ተበልቶ የላመ። ሹፌሩ ከሥር ገብቶ ቱቦውን ለወጠ፣ ታኮው ተነሣ፣ ምሳችንን ኮምቦልቻ በላን። ሌላም ሹፌር ነበረን፤ የእጅ ፍሬኑን ሳያሠራ ዓመቱን ሙሉ በታኮ የኖረ። መኪናው በቆመ ቁጥር የረዳቱ ሥራ ታኮ ይዞ መሮጥ ሆነ።

መንግሥት ለከሰረ ፋብሪካ የሚሰጠው ገንዘብ ለእኔ ታኮ ነው። እኔ የምጠይቀው፣ ታኮው ተደግፎ ሳለ ፍሬኑ ተሠራ ወይ? ብዬ ነው።

ጄኔራል ሞተርስ ላይ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ቡሽ የጀመሩትን ኦባማ ቀጠሉበት፤ በጠቅላላው 49.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገባበት። ግን እንዲሁ አልተሰጠም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሪክ ዋጎነር እንዲለቁ ተደረገ፣ ፖንቲያክና ሳተርን የሚባሉት መኪኖች ተዘጉ፣ የድሮው አክሲዮን ዋጋ አጥቶ ተራ ወረቀት ሆነ። ጁን 1 ቀን 2009 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ አዲሱ ድርጅት ጁላይ 10 ቀን ወጣ። ቁጠረው፤ አርባው ሲወጣ ተነሣ ማለት ነው! መንግሥት ከአዲሱ ድርጅት 60 በመቶ በላይ ያዘና የመጨረሻውን አክሲዮን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሸጥ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጎደለበት። የአክስትህ ልጅ «መንግሥት አተረፈ» ካለህ፣ በዚህስ ረተኸዋል።

ስለ ወንበር ፋብሪካው ግን እውነቱን ነው። ያኔ ፎርድ ከዚያ የነፍስ አድን ገንዘብ አልወሰደም፤ ግን አለቃው አለን ሙላሊ ምክር ቤት ቀርበው ተፎካካሪዎቻቸው እንዲረዱ ደግፈው ተናገሩ። ሰውዬው ጻድቅ ሆነው አይምሰልህ። ወንበሩን፣ ሽቦውን፣ መስታወቱን የሚያቀርቡላቸው ፋብሪካዎች የጄኔራል ሞተርስም አቅራቢዎች ነበሩ፤ እነሱ ከወደቁ ፎርድም መኪናውን በምን ይገጣጥማል?

እንግሊዞቹ ደግሞ በታኮ የኖረውን ሹፌር ያስታውሱኛል። ብሪቲሽ ሌይላንድን ታውቀዋለህ፤ ስሙን ባታውቀው ላንድሮቨሩን ታውቀዋለህ፣ በገጠራችን ስንቷን ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ያደረሰውን። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ድርጅቱን ጠቀለለና ዓመት ከዓመት ገንዘብ አፈሰሰበት። ከዚያ የቀረው ሮቨር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2000 ቢኤምደብሊው በ10 ፓውንድ ሸጠው። አዎ፣ በአስር! በ2005 ሲዘጋ 6,000 የሚሆን ሠራተኛ ተበተነ።

እኛም ዘንድ ይህን አይቻለሁ። ድርጅታችን ሊወድቅ ሲል ብድር ተገኘለት። ቼኩን የጻፍኩት እኔ ነኝና አልረሳውም፤ የመጀመሪያው ወጪ የጎማ አልነበረም፣ አራት ወር ደመወዝ ያልደረሳቸው ረዳቶችም አልነበሩም። የሥራ አስኪያጁ ቢሮ መጋረጃና ምንጣፍ ነበር። በዓመቱ በሩ ታሸገ፤ መጋረጃው እንኳ አልወየበም ነበር።

ስለዚህ መልሴ ይገባል ነው፤ ግን መጀመሪያ ባለቤቱና አለቃው ይክሰሩ፣ ከዚያ የሕዝብ ገንዘብ ይግባ። ይህን እሺ የማይል ፋብሪካ ይዘጋ፤ ገንዘቡ ለሠራተኞቹ በእጃቸው ቢሰጥ ይሻላል።

አሁን ወደ አይሱዙህ። ቃሉ ይጎዳሃል፤ ያንተ መኪና ሲቆም ጎሚስታውም ባትላሜራውም ሌላ ደንበኛ አላቸው፣ ለዚህ ነው ማንም ያልደነገጠው። ግን ጄኔራል ሞተርስ ከገንዘቡ ሌላ ያገኘው ነገር አለ፤ ጊዜ። መክሰሩን ካስታወቀባት ቀን ጀምሮ አበዳሪዎቹ ንብረቱን እንዳይነጥቁ ሕግ አቆማቸው። አንተንም ባንኩ ሦስት ወር ቢታገሥህ ኖሮ ሞተሩን ታሠራው ነበር፤ እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው።

በእኛ አገር ባንክ ያለ ፍርድ ቤት መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው፤ ሲወጣ፣ ከሽያጩ በፊት ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጥ ይል ነበር። ደብዳቤው ደርሶሃል? ከደረሰህ፣ በደረሰህ ቀንና ሐራጁ በወጣበት ቀን መካከል ስንት ቀን አለ? የብድር ውሉን ኮፒ ከደብዳቤው ጋር አድርገህ ላክልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ።