የሜፕል አረቄ ለምን አይጣፍጥም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሞንትሪያል ነው። የኩቤክን «አሴረም» ቀመስኩት። ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ የወጣ ነው ቢሉኝም ፈሳሹ ተፍልቶ የሚሠራው ጣፋጭ ሽሮፕ ጣዕም የለውም። እንዴት ነው የሚወጣው? እንደኛ አረቄ ብቅል ይፈልጋል?

መልስ፦ አይጣፍጥም፤ ምክንያቱም ስኳር አይተንም። አብዛኛውን እርሾው በልቶታል፣ የተረፈውም ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ገበያ ላይ ያለው ጣፋጭ «ሜፕል ዊስኪ» ሌላ ነገር ነው፤ ሽሮፑ የሚጨመርበት ከወጣ በኋላ ነው።

ብቅል አያስፈልገውም። ብቅል የእህልን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፤ የሜፕል ስኳር ግን ከዛፉ ሲወርድ ጀምሮ ስኳር ነው። ችግሩ ማነሱ ነው። በማርችና በኤፕሪል፣ ሌሊት እየበረደ ቀን ሲሞቅ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ 2 በመቶ ገደማ ስኳር ብቻ አለው። እንዳለ ቢጠነሰስ 1 በመቶ አልኮል ቢሰጥ ነው። ስለዚህ በማጣሪያ ማሽን ውሃው ይቀነስለታል፣ ይፈላል። 1,000 ሊትር ወደ 100 ሲወርድ ስኳሩ 20 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያ 11 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው ጥንስስ፣ በመጨረሻም 40 በመቶ የሆነ 20 ሊትር ያህል አረቄ ይገኛል። ለአንድ ጠርሙስ 40 ሊትር ፈሳሽ ግድም ማለት ነው፤ በዋጋው አይገረሙ። የሜፕል የምንለው መዓዛም ዛፉ ላይ የለም፣ የሚፈጥረው እሳቱ ነው። ሳይፈላ በማሽን ብቻ የወፈረ ፈሳሽ መዓዛው ደብዛዛ ነው።

ጥንስሱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በእርሾ ረሃብ ነው። እርሾው የሚፈልገው ናይትሮጅን ፈሳሹ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። የጥንስሱን ጥግግት የሚለካው ሃይድሮሜትር (ስኳሩ ሲያልቅ ወደ 1.000 ይወርዳል) ከ1.083 ተነስቶ 1.040 ላይ ቆሞ ከቀረና የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ረሃብ ነው። የእርሾ ምግብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ስኳሩ ከግማሽ በታች ከወረደ በኋላ እምብዛም አይጠቅምም። ፈሳሹ አሲድም ስለሚያንሰው ባክቴሪያ ይቀድማል፤ በሲትሪክ አሲድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 5 ማውረድ ይበጃል። የዛፉ እምቡጥ ማበጥ ከጀመረ በኋላ የተቀዳ ፈሳሽ ግን መጥፎ ጣዕም ስላለው አይመከርም።

ሃይድሮሜትሩ 1.000 ሳይደርስ መዳብ ድስት ውስጥ ከገባ ስኳሩ ከሥር ያራል፣ የአረረው ሽታም ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። እንደ ዳግም አረቄ ሁለቴ ይወጣል። የመጀመሪያው ዙር ወደ 28 በመቶ ይሰጣል። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የሚወርደው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸተው ይደፋል፤ ጥንካሬው ወደ 60 በመቶ ወርዶ እርጥብ ካርቶን መሽተት ሲጀምር መሃሉ፣ ማለትም የሚጠጣው ክፍል፣ እዚያ ላይ ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ የሚወርደው ጭራ ለሚቀጥለው ዙር ይቀመጣል።

ቤትዎ ለመሞከር ካሰቡ፣ ካናዳ ውስጥ ያለ ፈቃድ አረቄ ማውጣት ለራስ መጠጫም ቢሆን ክልክል ነው። መጥመቁ ግን ለራስ ፍጆታ ይቻላል፦ 1 ሊትር ሽሮፕ በ3 ሊትር ተኩል ውሃ፣ እርሾና የእርሾ ምግብ ጨምረው። ጌሾ ካገኙ ያክሉበት፤ ወደ ጠጅ ይጠጋል።