መልስ፦ ለሰርግ ቀረጻ ድሮን ላስመጣ ወይ?

ወንድሜ፣ «ዘመዴ ከውጭ ትንሽ ድሮን ሊያመጣልኝ ነው፤ ጎንደር ላይ ለሰርግ ቀረጻ ይሆነኛል?» ላልከው፦ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ፈቃዱን ጨርስ። ያለ ፈቃድ ከመጣ ኤርፖርት ላይ ሊያዝብህ ይችላል፤ ገንዘብህ ያሳዝነኛል።

ማብረሩ አያስቸግርህም። ድሮ ክፍሎቹን ለየብቻ ገዝቶ መበየድ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የቻይናው ኩባንያ ዲጄአይ ፋንተም የተባለውን ድሮን ካወጣ ወዲህ ከካርቶን አውጥቶ ማስነሳት ሆነ። ዋጋውን ያወረደው የስማርት ስልክ ገበያ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቁት ትንንሽ ሴንሰሮች ስልክ ውስጥም ስላሉ በዚያ ረከሱ።

ባትሪ ሁለት ሦስት ያዝ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ይደክማል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የበረራ ደቂቃ አትጠብቅ። ጭልፊትም ተጠንቀቅ። አንዴ የጓደኛዬን ድሮን ከላይ ተወርውሮ መታው። የድሮኑ አንዱ ክንፍ ተሰብሮ ሙሽሮቹ እግር ሥር ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው አናት ላይ አናበርም።