ባዕድ ዲኤንኤ ወደ ሞስ ሴል የሚገባው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ በሚበቅለው ሞስ ሴል ውስጥ ባዕድ ዲኤንኤ ማስገባት የሚቻለው በምን ዘዴ ነው?

መልስ፦ ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ሞስ ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ ሲሆን፣ የተለመደው ዘዴም ፖሊኢትሊን ግላይኮል የተባለውን ኬሚካል መጠቀም ነው። በመጀመሪያ የሞሱ ለጋ አረንጓዴ ክር ድራይሴሌዝ በተባለ የኢንዛይም ድብልቅ ተነክሮ የሴሎቹ ግድግዳ ይሟሟል፤ የሚቀሩት፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ድብልብል አረንጓዴ እንክብል የሚመስሉት ፕሮቶፕላስቶች፣ እጅግ ስስ በመሆናቸው ማኒቶል የተባለ ስኳር መሰል ንጥረ ነገር በተጨመረበት ውሃ ካልተጠበቁ ይፈነዳሉ። ከዚያም ዲኤንኤውና ኬሚካሉ ተጨምረው በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ደቂቃ ይሞቃሉ።

ሌላው ዘዴ የሆነው የጂን ጠመንጃ ደግሞ ዲኤንኤ የተቀቡ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶችን በጋዝ ግፊት ስለሚተኩስ ግድግዳውን ማሟሟት አያስፈልገውም። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከዚህም ሌላ፣ ይህ ሞስ የገባለትን ዲኤንኤ በቅደም ተከተሉ ከሚመሳሰለው የራሱ ጂን ቦታ ላይ የመተካት ችሎታው ከአበባ ተክሎች እጅግ የላቀ በመሆኑ፣ አንድን ጂን ለይቶ ማጥፋት ለሚፈልግ ተመራማሪ ትልቅ ጸጋ ነው።