ጎንደር ላይ የቲያትር ማኅበር ማቋቋም፦ ጥያቄና መልስ

ለትርፍ ያልቆመ የቲያትር ማኅበር ለማቋቋም ያሰባችሁ ጠይቁኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ ለመመዝገብ ስንት ሰው ያስፈልጋል?

መልስ፦ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር የሚመሠረተው በ5 ሰው ወይም ከዚያ በላይ ነው። ሥራችሁ አማራ ክልል ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳያችሁ ከክልሉ ጋር ነው። መስፈርቱን እዚያ ጠይቁ፤ አዲስ አበባ አትመላለሱ። ገንዘቡን ደግሞ በማኅበሩ ስም አስቀምጡ። በሊቀ መንበሩ የግል ሒሳብ በፍጹም!

ከፒያሳ፦ ትኬት መሸጥ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ክልክሉ ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ነው።

ከአዘዞ፦ ማኅበሩ እንዴት ያድጋል?

መልስ፦ ምኑ? ገቢው? ተመልካቹ? ለይተህ ጠይቅ እንጂ።

ከአዘዞ፦ ተመልካቹ።

መልስ፦ እሱን ጠይቀኝ! የጎንደር ሰው ዝም ብሎ አያይም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ እዩት፤ ግጥም ይሰጣል፣ ይመልሳል፣ ቅኔውን ሲያገኘው ከወንበሩ ይነሣል። ይህን የለመደ ሰው ፊት ተዋናይ ጀርባውን አዙሮ ሲያጉተመትም አይታገሠውም። ልምምድ ላይ አንድ ሰው መጨረሻው ረድፍ ይቀመጥ። ድምፅ ማጉያ ይጥፋ። የቃሉ መጨረሻ ፊደል ካልደረሰው ትዕይንቱ ይደገም። ማሲንቆ ስታስገቡም ተዋናዩ ትንፋሽ የሚስብበትን ቦታ አዝማሪው ይወቅ፤ አለዚያ ግጥሙ ይዋጣል። ጥር 10 እና 11 አዳራሽ አትክፈቱ። ሰው ከታቦቱ ጋር ነው።

ከአራዳ፦ አዳራሽ ሳይኖረን ምን ዋጋ አለው? ድሮውንም ቲያትር የአዲስ አበባ ነው።

ከማራኪ፦ ተው እንጂ! እዚህስ ተመልካች የለም?

ከአራዳ፦ ሀገር ፍቅርስ የት ነው?

መልስ፦ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር ነበር። ጣሊያን ሊወር ሲል ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተነሣ። ሰው ተሰባስቦ ጀመረው፤ እናንተም ተሰባሰቡ። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከፒያሳ፦ የጓደኛችንን ድርሰት ብንሠራ ውል ያስፈልጋል?

መልስ፦ እንዴታ! በጽሑፍ። ጓደኛ ነው ብላችሁ አትለፉት። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ለደራሲው መብት ሰጥቶታል። ስንት ጊዜ እንደምታሳዩት፣ ከገቢው ምን እንደሚደርሰው ጻፉ፤ ተፈራረሙ። ቲያትሩ ሰው ሲያገኝ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው።

ከማራኪ፦ ብሩን ለጊዜው በገንዘብ ያዣችን ስም ብናስቀምጥስ?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። በማኅበሩ ስም።