በእልህ ለቅቄ አይቼዋለሁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። 41 ዓመትሽ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት 11 ዓመት ሠርተሻል። አለቃሽ ከተቀየረ ወዲህ ሥራው አስጠልቶሻል። ሌላ ድርጅት ደግሞ ሻል ባለ ደሞዝ እየጠራሽ ነው። «ልሂድ ወይስ ልታገስ? ጊዜውስ አላለፈብኝም?» ብለሻል።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። አሁን ያለሁበት ሦስተኛው መሥሪያ ቤቴ ነው። የመጀመሪያውን በእልህ ለቀቅኩት፣ ሁለተኛውን አስቤበት። የእልሁን ላስቀድም።

12 ዓመት ከሠራሁ በኋላ ስጠብቀው የነበረው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህንንም ያወቅኩት ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤ ነው። ማንም ጠርቶ አልነገረኝም። ያን ዕለት ማታ መልቀቂያዬን ጻፍኩ። ወር ሳይሞላ የተሻለ ደሞዝ ያለው ሥራ ያዝኩ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት።

በሦስተኛው ቀን አንድ የክፍያ ጥያቄ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ደረሰኝ ጎድሎታል። በድሮው ቤት ቢሆን ስልክ አንስቼ የግዢ ክፍሉን ሰው «ያቺን ወረቀት ላክልኝ» እለው ነበር፤ ከ10 ደቂቃ አያልፍም። እዚህ ግን ማንን እንደምጠራ አላውቅም። ክፍያውን ማን እንደሚያጸድቅ አላውቅም። ቅጹ የት እንዳለ ያሳየኝ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም የማይቀረው ወጣት ነው። ልጁ ጨዋ ነበር፤ እኔ ነኝ ያፈርኩት። ያቺ ክፍያ 4 ቀን ፈጀች።

ለካ ያን ሁሉ ዓመት ጎበዝ ያስባለኝ ሒሳብ ማወቄ ብቻ አልነበረም። ግማሹ ቤቱን ማወቄ ነበር። ያንን ግማሽ ደግሞ በካርቶን ጭኜ አልወጣሁም።

የሃርቫርዱ ቦሪስ ግሮይስበርግና ባልደረቦቹ በአሜሪካው የገንዘብ ገበያ በዎል ስትሪት ከ1,000 በላይ ኮከብ የተባሉ የአክሲዮን ተንታኞችን አጥንተው ነበር። ድርጅት ሲቀይሩ የብዙዎቹ ውጤት ወረደ። የሥራ ቡድናቸውን ይዘው የሄዱት የተሻለ ሆነላቸው። ይህን ያነበብኩት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። ቀድሜ ባነበውም በዚያ እልህ የምሰማ አይመስለኝም።

ስለዚህ ደሞዙን ለጊዜው ተይውና አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈይ። በአንድ በኩል ይዘሽው የምትሄጂውን ጻፊ፦ ሙያሽን፣ የምታውቂውን ሶፍትዌር፣ ስምሽን አይተው የሚደውሉልሽን ከመሥሪያ ቤቱ ውጪ ያሉ ሰዎች። በሌላው በኩል ስትወጪ በሩ ላይ የሚቀረውን ጻፊ፦ የማን ፊርማ እንደሚዘገይ ማወቅሽን፣ ማን በምን እንደሚለሳለስ፣ የ11 ዓመት ታማኝነትሽን። ራስሽን አታታልዪ። እኔ መጀመሪያ ስሠራው «ጥሩ የሰው ግንኙነት» የምትለዋን በሚሄደው በኩል አስገብቻት ነበር። ሰዎቹን አንድ በአንድ ስቆጥራቸው ከሁለቱ በቀር ሁሉም እዚያው ቤት ያሉ ናቸው።

የሚቀረው በጣም ከበዛ ሄደሽ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው። አይቻልም ማለቴ አይደለም፤ አውቀሽ ግቢበት ነው። ወይም አንድ ዓመት ታገሺና የሚሄደውን ጎን ሙይ። ሌላ ክፍል ልዛወር በይ፣ ማንም የማይፈልገውን አዲስ ሥራ ውሰጂ። አለቃሽ ከከለከለሽ፣ ያኔ መልስ አገኘሽ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር አለቃሽ ነው። ሰው አስጠልቶሽ ነው ወይስ ሥራው አልቆብሽ? ሁለቱ ስሜታቸው ይመሳሰላል። እኔ ሁለተኛውን ቤት ከመልቀቄ በፊት አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከቢሮ ስወጣ «በዚህ ሳምንት ምን አወቅኩ?» ብዬ አንድ መስመር እጽፋለሁ። በሦስት ወር ውስጥ 13 መስመር ሊኖር ሲገባ የተጻፉት 4 ናቸው። ሌላው ባዶ ነው። ደህና በዋልኩበት፣ ማንም ባልተቆጣኝ ሳምንትም ባዶ ነው። የአንቺ ደብተር በአለቃሽ ስም ከተሞላ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። አለቃ ይቀየራል፤ አንቺም ካንዱ ሸሽተሽ የባሰው እጅ ልትወድቂ ትችያለሽ። ከድጡ ወደ ማጡ።

«ከቀየርሽ ደስ ይልሻል» የሚሉሽ እውነት አላቸው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት መወሰን ያቃታቸውን ሰዎች «ቀይሩ» ወይም «ተዉት» የሚል ሳንቲም በኢንተርኔት እያስወረወረ ተከታትሏቸው ነበር። ለውጡን ያደረጉት ከስድስት ወር በኋላ ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥሩ። ነገር ግን በ2005 ዌንዲ ቦስዌልና ባልደረቦቿ ሥራ የቀየሩ የሥራ ኃላፊዎችን አይተው ያገኙት ይህ ነው፦ በሥራ መርካት በቀየሩ ሰሞን ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ልክ እንደ ጫጉላ። ስድስት ወር ደግሞ ጫጉላው ገና ያልበረደበት ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። እኔማ ስድስትም አልደረስኩ፤ በአምስተኛው ወር የድሮ ቢሮዬን በሕልሜ አየሁት።

ዕድሜውን ተይው፣ 41 ምንም አይደለም። ከ25 የሚለየው ብትሳሳቺ ብቻሽን አለመራብሽ ነው። አዲስ ቦታ በሙከራ ጊዜ ማሰናበት ቀላል ነው። ስለዚህ የተወሰነ ወር ወጪሽን የሚሸፍን ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ። የቅጥር ደብዳቤውን በእጅሽ ሳትይዢ መልቀቂያ አታስገቢ፤ በቃል «ጨርሰናል» ቢሉሽም። ዓመት ጠብቆ የሚከፈልሽ ነገር ካለም ቀኑን አጣሪ። በሁለት ሳምንት ችኮላ ጉርሻ ያመለጠው ጓደኛ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ያወራዋል። «ደሞዝ እንጨምርልሽና ቅሪ» ካሉሽ ደግሞ፣ እስከዛሬ ለምን እንዳልጨመሩ ጠይቂ።

ኢንተርቪው ስትገቢ አንዲት ጥያቄ አትርሺ፦ «ከእኔ በፊት እዚህ ቦታ የነበረው ሰው የት ሄደ?» ሁለተኛው ቤት ስገባ አልጠየቅኩም። ከእኔ በፊት በሁለት ዓመት ሦስት ሰው እንደተፈራረቀበት ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው፤ እኔ ራሴ 14 ወር ቆየሁ። እዚህ ስገባ ግን ጠየቅኩ። «አድጎ ሌላ ክፍል ነው ያለው» አሉና ስልኩን ሰጡኝ። ማታ ደወልኩለት። ስለ አለቃችን ሁለት መጥፎ ነገር ነገረኝ። ሁለቱም እውነት ሆነው አገኘኋቸው፤ አውቄያቸው ስለገባሁ ግን ስድስት ዓመቴ ነው።