እጄ ሲንቀጠቀጥ እምነት ጎደለኝ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለሰች አራት ወር ሆናት። የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። ቁስሏን ሳጥብ፣ የሚጠጣውን ሞርፊን ስለካ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ተሳስቼ እንዳልጎዳት እፈራለሁ። ጎረቤቶች ደግሞ «ሱስ ያስይዛታል፣ ጠበሉ ይበቃታል» ይሉኛል። ካስቀደስኩም ሰነባበትኩ። እምነት ጎድሎኝ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቀላሉን ላስቀድም። ጠበልና መድኃኒት ጠላት አይደሉም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ጠበሉን ያፈለቀውም እርሱ ነው። ሐኪም ለሥቃይ ያዘዘውን ሞርፊን መስጠት ኃጢአት የለበትም፤ በትእዛዙ የሚወስድ ሕመምተኛም ሱሰኛ አይባልም። ለእናትሽ ሰዓቱን ጠብቀሽ ስጫቸው እንጂ እስኪያቃስቱ አትቆዪ። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ ታዞላቸው እንደሆነ ጠይቂ።

እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ማንም ቁጭ አድርጎ ስላላሳየሽ ነው። ዲያቆን እንኳ ታላቁ እያየው ስንት ጊዜ ተለማምዶ ነው የሚቀድሰው! (እኔ በመጀመሪያው ዕለት በያዝኩት ጧፍ የቄሱን ካባ ላቃጥል ትንሽ ነበር የቀረኝ።) በቀጠሯችሁ ቀን ነርሷን «እኔ ልሥራው፣ አንቺ እዪኝ» በያት። መድኃኒቱ እስከየት እንደሚሞላ በመለኪያው ላይ ምልክት ታድርግልሽ። የሰጠሽበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፊ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዝታ አይታመንም። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) እየወሰዱ ከሆነ ደግሞ ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሆስፒታል አድርሻቸው።

እኔን የከነከነኝ «እኔ ብቻ ነኝ» ያልሽው ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን ደጉን ሳምራዊ አስቢው። ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበ፣ በራሱ አህያ ጫነው፣ እንግዳ ማረፊያ ወስዶ አስታመመው። እኛ ሰባኪዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ እናቆማለን። በማግሥቱ ግን ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማረፊያው ጠባቂ «አስታምመው» ብሎ መንገዱን ሄደ። ጌታም ጨካኝ አላለውም፤ ባልንጀራ የሆነው እርሱ ነው። አንቺም አስረክቢ። እነዚያ ምክር የማይሰለቻቸው ጎረቤቶችሽ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል እናትሽ ዘንድ ይቀመጡ። ምን፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ጽፈሽ ተዪላቸውና ገብርኤል ሄደሽ አስቀድሺ። እስከ ዛሬ ለቀረሽበት ቅዳሴ ራስሽን አትክሰሺ፤ ሕመምተኛ ጥለሽ ካልመጣሽ የሚልሽ ካህን የለም። ስለ ጾም ለእናትሽም ለአንቺም የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ፤ ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስጨንቅም።

የንስሐ አባታችሁ ቤት መጥተው ጸሎተ ቀንዲል (ሕመምተኛ ዘይት የሚቀባበትን ጸሎት) ለእናትሽ እንዲያደርሱላቸውም ንገሪያቸው። የመጡ ዕለት ከእናትሽ አጠገብ ቁጭ በዪ፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።